ባቡሩ ጅቡቲ ገባ፤ ያንተ ዴል ገና እየተነሳ ነው

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡራዩ ኬታ። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች አንዲት ጥገና ቤት ሦስት ላፕቶፖች ሆዳቸው ተከፍቶ እንደ ቅርጫ ሥጋ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። እኛ ባለቤቶቻቸው ደግሞ ለቅሶ እንደ መጣ ሰው አግዳሚው ላይ ተደርድረናል። ዴል ፕሪሲዥን ኤም4800 የእኔ ነው፤ ከሰበታ ነው የመጣሁት። ቲንክፓድ ደብልዩ530 የአንዲት የሱሉልታ አርክቴክት ነው። ኤችፒ ዚቡክ 15 ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር የዚያው የቡራዩ ልጅ ንብረት ነው። ሦስቱም ከአሥር ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ፈረንጅ አገር መሐንዲስ ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታቸውን እኛ ጋ ሊያሳልፉ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የገቡ ናቸው። ይህችን «ስላይትሊ» የምትባል ቃል ያመጣ ነጋዴ አያቴን ቢያይ «ስላይትሊ ኮረዳ» ብሎ ይሸጣት ነበር።

በ2015 ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሸገር ከተማ በሚባል አንድ ስም ሥር ገብተዋል። ስለዚህ ሦስታችን የአንድ ከተማ ልጆች ነን። አንዳችን ሌላችን ጋ ለመድረስ ግን አዲስ አበባን ማቋረጥ አለብን፤ እኔ በአየር ጤና፣ እሷ በአዲሱ ገበያ ዞረን፣ ዊንጌት ላይ «ቡራዩ! ቡራዩ!» የሚለውን ወያላ ሰምተን ነው የደረስነው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለጠጋኙ ለጋሼ ስንል ነው። ጋሼ በራዲዮ ጀምረው፣ በቴሌቪዥን አልፈው፣ ላፕቶፕ ላይ የደረሱ ሰው ናቸው። እጃቸው ቀስ ይላል፣ አፋቸው አይምርም።

ተረቡን የለኮሰው የቡራዩው ልጅ ነው። ዴሌን አየት አድርጎ፣ «ይሄ ነገር ለመነሳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለኝ።

«ስድስት» አልኩት። እውነት የተናገረ ማደሪያ አያጣም ብዬ ነው።

«ባቡሩ ከሰበታ ተነስቶ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ጅቡቲ ገባ፤ ያንተ ዴል ገና እየተነሳ ነው በለኛ!»

አግዳሚው በሳቅ ተናጋ። ዝም ማለት ሽንፈት ነውና መለስኩለት፦ «ያንተ ዚቡክስ? ፋኑ ሲጮህ ወፍጮ ቤት የከፈትክ መስሏቸው ጎረቤቶችህ ጤፍ ተሸክመው ተሰለፉ አሉ።»

«ጤፍ ቢያመጡ በምን ዕድሌ!» አለ። ወደ ሱሉልታዋ ዞሮ፣ «አንቺስ? ሱሉልታ እኮ ብርዱ ስለማያስተኛ ሰዉ ሁሉ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎ ነው የሚያድረው።»

እሷ አልተቆጣችም። ረጋ ብላ ጣቷን ወደ እኔ ዴል ቀሰረች፦ «የእኔስ ቢያንስ ይሞቃል። የእሱን አየኸው? አይሠራም፣ አይሞቅም። ወይ እንደ ኮምፒውተር አልሆነለት፣ ወይ እንደ ምድጃ!»

እኔ መልስ ስፈልግ ጋሼ ፊተኛውን ብሎን ፈተው ቀና አሉ። «አይሞቅም አልሽ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ እሱ ነው ሲያማርር የነበረው። እየተንፏቀቀ እንኳ በረዶ ነው ይላል።»

«አንተ፣ እውነት ነው?»

«አዎ ጋሼ። ፋኑ ድምፁም አይሰማ።»

የሚዘገይ ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት ነው አሉን። እየነደደ የሚዘገይ አለ፤ እሱ አየር ያጣ ነው። ቀዝቅዞ የሚዘገይ አለ፤ እሱ ምግብ ያጣ ነው። ከዚያ እስከ ዛሬ ምን ምን እንዳደረግኩለት ጠየቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ዘረዘርኩ። ራሙን 32 ጊጋ አድርሼዋለሁ። አራት ቀዳዳ ስላለው አራት ባለ ስምንት ገዛሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 1.5 ቮልቱ ዲዲአር3 ነበር። አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ግን ዲዲአር3ኤል የሚባለውን ባለ 1.35 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ እምቢ ሲለኝ መልሼ ሌላ ገዛሁ። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ አስገባሁ። ክዳኑን አጸዳሁ፣ ቁልፎቹ ላይ የአማርኛ ፊደል አስለጠፍኩ። የሁለት ወር ደመወዜ እዚህ ውስጥ ነው።

«ቻርጀሩን ወዲህ በል» አሉ።

ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው አንዴ፣ ሁለቴ ወደ ላይ አነሳ አደረጉት፤ ዶሮ የምትገዛ ሴት እንደምታደርገው። ጀርባው ላይ 180 ዋት ይላል።

«ይሄ 180 ዋት ከሆነ እኔ ቀነኒሳ ነኝ።»

የዚህ ዓይነቱ ዴል ትክክለኛ ቻርጀር ጡብ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ከላፕቶፑ ጋር የሚፎካከር። የእኔ ቀሎ እንደ ሳሙና ነው። ጋሼ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። ክቡ ሶኬት መካከል መርፌ የምታህል ቀጭን ዘንግ አለች። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዙሪያዋ ነው፤ በእሷ በኩል የሚያልፈው ወሬ ነው። ቻርጀሩ በዚያች ዘንግ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ይህን ያህል ዋት እችላለሁ» ብሎ ለላፕቶፑ ይናገራል። ዘንጓ ከተጣመመች፣ ወይም አስመስሎ የሠራው ሰው ውስጡ ያለችውን መታወቂያ ካስቀራት፣ ዴሉ «የማላውቀው ሰው ያቀረበልኝን አልበላም» ይላል። ባትሪውን አይሞላም። ፕሮሰሰሩንም ቀንበር ይጭንበታል፤ በመደበኛው 2.7 ጊጋኸርትዝ የሚሄደው የእኔ ፕሮሰሰር 0.8 ላይ ይታሰራል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የገባው ሰው ታስክ ማናጀር ከፍቶ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ማየት ይበቃዋል። ሥራ አብዝተህበትም ቁጥሯ ከ0.8 ፈቅ ካላለች፣ ራም ልግዛ ብለህ አትሩጥ።

«ሲነሳ የሚጽፍልህ ነገር የለም?» አሉኝ ጋሼ።

«አለ። ግን ኤፍ1 ስጫን ይጠፋል።»

«ምን እንደሚል አንብበኸዋል?»

ዝም አልኩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ራበኝ እያለ ሲጽፍልህ፣ አንተ አፉን ስትይዘው ኖረሃል!»

የሱሉልታዋ ይህን ስትሰማ ወንበሯን አስጠጋች፤ ሰው የተዘረረበትን ጊዜ የማያባክን ተራቢ ናት። «ሥራህ የስትራክቸር መሐንዲስ አይደለም እንዴ? ኢታብስ ከፍተህ ሕንፃው ስንት ጭነት እንደሚችል ታሰላለህ፤ ቻርጀርህ ስንት ዋት እንደሚችል አታነብም። አንተ የሠራኸው ፎቅ ላይ በግ ይዤ አልወጣም!»

ቻርጀሩን ከማን እንደገዛሁ አልናገርም፤ ሻጩም ስሙን አልነገረኝም፣ እኔም ደረሰኝ አልጠየቅኩም። «ኦሪጅናል ኮፒ ነው» ብሎኛል። ኦሪጅናልና ኮፒ በአንድ ዕቃ ላይ አብረው ሲያድሩ ያልደነቀኝ ሰው፣ አፍ አውጥቼ ብከስስ ማን ይሰማኛል?

የቡራዩው ልጅ በእኔ ሲስቅ ተራው እንደሚደርስ ዘንግቷል። ጋሼ ዚቡኩን ገለበጡት። የታችኛው ክዳን ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ካርቦን ስቲከር ተሸፍኗል፤ ያንጸባርቃል፣ ያምራል።

«ይህን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ለግርማ ሞገስ ብዬ።»

ጋሼ በምላጭ ጫፍ ስቲከሩን ከአንድ ማዕዘን ሸረከት አደረጉት። ከሥሩ የአየር ማስገቢያ ወንፊቱ ብቅ አለ። ልጁ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ በሙሉ ለጥፎበታል! በአፍንጫው በኩል ትራስ አስሮ ሩጥ እንደ ማለት ነው።

«ሙሽራ ሲያስውብ ኖሮ ላፕቶፑንም ቬሎ አልብሶ ሊያፍነው!» አልኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

የሚያሳዝነው፣ ዚቡክ ለማጽዳት ከሁሉም የሚመች መሆኑ ነው። የዚህ ዘመን ሞዴሎች ታችኛው ክዳን ብሎን እንኳ አያስፈታም፤ መቀርቀሪያዋን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጋት ይከፈታል። «ቤቱ በር አለው» አሉ ጋሼ፣ «መጥረጊያ ግን ገብቶበት አያውቅም።» ሲከፍቱት ፋኑና የሙቀት ማስወጫው ክንፍ መካከል የተኛው አቧራ አቧራ አይባልም፤ የተባዘተ ጥጥ ነው። ፈትለው ነጠላ ሊያወጡለት ይችላሉ። ጣታቸውን አስነክተው አሸተቱትና «ዕጣን» አሉ። እናቱ ቤት ነው የሚሠራው፤ በቀን ሦስቴ ቡና ይፈላል። የዕጣን ጭስ ደግሞ ሙጫ ነው፤ የመንገዱን አቧራ ጠርቶ እዚያው ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለውን በደረቅ አየር ብቻ መንፋት አያስለቅቀውም፤ ብሩሽና አይሶፕሮፒል አልኮል ይፈልጋል።

«አረቄስ አይሆንም ጋሼ?» አለ ልጁ።

«ለአንተ ይሆናል።»

ብሎወራቸውን ከመክፈታቸው በፊት የፋኑን ክንፍ በስንጥር ወጋ አድርገው ያዙት። ለምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። በኃይል ሲነፋበት ፋኑ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፤ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ እሱ ራሱ እንደ ዳይናሞ ኃይል አመንጭቶ ወደ ቦርዱ ሊልክ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ፋኑን በብሎወር እያስፏጨ «ስማ ድምፁን! አሪፍ ነው!» የሚል ጠጋኝ ያጋጠመው ሰው፣ ከዚያ ድምፅ በኋላ የሚመጣውን ድምፅም ይወቅ።

ሙቀቱ ስንት ይደርስ እንደነበር ልጁ ራሱ ነገረን። ሠርግ ሲያወጣ፣ ማለትም ቪዲዮውን ሬንደር ሲያደርግ፣ 100 ዲግሪ ያያል። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ እሱ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ላለመቃጠል ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። የሁለት ሰዓት ሠርግ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅበት ለዚህ ነው። የሱሉልታዋ ትንሽ አሰበችና፣ «ቡራዩ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ያንተ ፕሮሰሰር 100 ከደረሰ ጀበናውን ለምን ከሰል ላይ ትጥዳለህ?» አለችው። ፊዚክስና ተረብ አንድ ላይ ሲመጡ መልስ የለውም።

ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው አሮጌ የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ደርቋል፤ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል። ጋሼ ጠርገው አዲሱን ቀቡ። መጠኑ የምስር ፍሬ ያህላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ፔስት እንደ ቅቤ ሲበዛ የሚጥም ይመስለዋል። ሥራው በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለውን የማይታይ ክፍተት መሙላት ብቻ ነው፤ ሲበዛ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ብሎኖቹን ሲመልሱም ዝም ብለው አላዞሩም። መያዣው ብረት ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ተቀርጿል፤ በዚያ ቅደም ተከተል፣ አንዱን ጨርሶ ሳያጠብቁ፣ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት። የተፈቱትን ብሎኖች ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ሥዕል ስለው በየቦታቸው ነው የሰኳቸው። እኔ ቤት ብሎን የሚቀመጠው የስኳር ዕቃ ክዳን ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜም ስገጥም ሁለት ይተርፈኛል።

የቡራዩውን ልጅ ሳንለቀው አንድ ነገር ጨመርንበት። ዚቡኩ ከጀርመን ነው የመጣው፤ ኪቦርዱ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያስበው በእንግሊዝኛው አቀማመጥ ነው። ልጁ ቁልፎቹን እያየ በፓወር ግዕዝ ሲጽፍ «ይ» ያለው «ዝ»፣ «ዝ» ያለው «ይ» ይሆንበታል። በዚህ ምክንያት አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ፊልም መጀመሪያ ላይ በወርቅማ ፊደል «ወዝየሮ» ተብላ ወጥታለች። «ስቲከሩ መለጠፍ የነበረበት ቁልፎቹ ላይ ነበር፤ አንተ ሆዱ ላይ ለጠፍከው» አልኩት። አማቿ ሲጠሩት የነበረውን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ሠርጎቹን የት እንደሚያስቀምጥ ጋሼ ጠየቁት። ከኪሱ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አወጣ። ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው አለ። «የቡራዩ ትዳር ሁሉ በአንድ ኪስ!» አለች የሱሉልታዋ። «ያ ነገር አንዴ ከወደቀ ከተማው በሙሉ ላጤ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ቢያንስ ሁለተኛ ቅጂ፣ ያውም በሌላ ቤት የተቀመጠ፣ ከስንት ራም ይበልጣል።

አሁን ወደ ሱሉልታ እንሂድ፤ ሳቋ ብዙ ነበር።

«እኛ ጋ እኮ ፋን አያስፈልግም» ብላ ጀመረች። «ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ራሱ ይበቃል።»

ግማሹ እውነት ነው። ቀዝቃዛ አየር ለማሽን ጸጋ ነው። ጋሼ ግን ሌላውን ግማሽ አመጡ፦ «ሯጮቹ ሱሉልታ የሚሰፍሩት፣ ቀነኒሳስ እዚያ መም ያሠራው ለምን ይመስልሻል? አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ሯጭ ስስ አየር ሲያገኝ ደሙ ይለምዳል፣ ይጠነክራል። ኮምፒውተር አይለምድም ልጄ። ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ አየሩ ነው።»

ማለትም ብርዱ የሰጠውን ከፍታው ይቀማል። በዚያ ላይ ጋቢው አለ። ልጅቷ ማታ ማታ ጋቢ ለብሳ፣ ላፕቶፑን ጋቢው ላይ አድርጋ ነው የምትሥለው። የጋቢ ለስላሳነት የታችኛውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ፈትሉም ውስጥ ይገባል። ጋሼ ከፋኗ ያወጡት ነጭ ክር ስንዝር ያህል ነበር። «ጥለቱ የት አለ?» አለ የቡራዩው። ጣውላ ወይም የእንጀራ ሰፌድ ግልባጭ እንኳ ከጋቢ ይሻላል፤ ጠንካራና ዝርግ ይሁን እንጂ ምንም ይሁን።

የከፍታውን ነገር ካነሳን፣ የአብዛኞቹ ላፕቶፖች መመሪያ ከ3,048 ሜትር በላይ አታሠሩኝ ይላል። እንጦጦ ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። በተለይ የድሮው ሃርድ ዲስክ አንባቢዋን መርፌ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ ተንሳፋ የሚያቆማት ቀጭን የአየር ፍራሽ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ፍራሹም ይሳሳል። አጥፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይዞ ማለፍ ግን ምንም አይደለም። «ስለዚህ እንጦጦ ላይ ፎቶ ልትነሺ ወርደሽ ላፕቶፕ እንዳትከፍቺ» አልኳት። «እኔ ፎቶ የምነሳው በስልክ ነው፤ የእኔ ስልክ ደግሞ ቻርጀሩን ያውቀዋል» ብላ ወጋችኝ።

ዛሬ ስትመጣ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ነበረች። ቦርሳዋን የት አደረገችው? ሞተሩ ክዳን ላይ። ሱሉልታ የበረደው ላፕቶፕ አዲሱ ገበያ ሲደርስ ተቆልቶ ነበር ማለት ነው። ባትሪ ከሁሉም የሚጠላው ሙቀት ነው። የእሷ ባትሪ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከውጭ ተሰክቶ የሚነቀል ስለሆነ ቀላል መስሏት ርካሽ ገዛች፤ ላፕቶፑ ገና ሲነሳ «ይህን ባትሪ አላውቀውም፣ አልሞላውም» አላት። የዚያ ትውልድ ቲንክፓድ የራሱ ያልሆነ ባትሪ ይገፋል።

«የእኔ ቻርጀር ይመርጣል፣ የአንቺ ባትሪ ይመርጣል» አልኩ።

«ዕድላችን ነው» አለች፤ «ሰው መምረጥ ግን አልቻሉበትም።»

ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለሚውል ሰው ጋሼ የሰጡት ምክር አጭር ነው፤ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አድርጉት። ቲንክፓድ በራሱ ፕሮግራም፣ ዴል በባዮሱ ይህን ያስመርጣል። መቶ ሞልቶ፣ ሞቆ፣ ወር ከወር የሚኖር ባትሪ ያብጣል። የመዳፊት ሰሌዳው ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ያ ላፕቶፕ አርግዟል። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ አውጥታችሁ አስቀይሩት።

ከዚያ የዕለቱ ትልቁ ተረብ መጣ። ልጅቷ ራሟ 16 ጊጋ ነው፤ ከዚህ በላይ አይወስድም ተብላለች። ከታች ክዳኑን ከፍተው ሁለት ቀዳዳ አሳይተዋታል፣ ሁለቱም ሞልተዋል። ጋሼ ምንም ሳይሉ ኪቦርዱን ወደ ላይ አነሱት። ከሥሩ ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች፣ አቧራ ጠጥተው፣ ባዷቸውን ተቀምጠዋል። ባለ አራት ኮሩ ደብልዩ530 አራት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱን ኪቦርዱ ሥር ነው የደበቀው።

ዕድሌን አላባከንኩም፦ «አርክቴክት ነኝ ትላለች! የሰው ቤት ክፍል ስትቆጥር ውላ፣ የራሷ ቤት ሁለት ባዶ ክፍል እያለው ሳሎን ውስጥ ተፋፍጋ ትኖራለች!»

ልጅቷ ባዶዎቹን ቀዳዳዎች አየች፣ እኔን አየች። «ቢያንስ የእኔ ቤት መሠረት አለው» አለች።

ኪቦርዱ ተነስቶ እያለ ጋሼ ሥሩ ያሉትን ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሳዩን። አንዴ ሻይ ደፍታበት የተረፈው በእነሱ ነው፤ የፈሰሰው ሻይ በኪቦርዱ በኩል አልፎ በሆዱ ይወጣል። «ስለዚህ ድፉበት ማለት አይደለም» አሉ። ፈሳሽ ሲነካው ወዲያው ማጥፋት፣ ቻርጀሩንም ባትሪውንም መንቀል፣ ዘቅዝቆ መተው ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለው ነገር ሩዙን ከማበላሸት ያለፈ ጥቅሙ አይታየኝም፤ ስኳር ያለው ሻይ ከሆነ ደግሞ ተከፍቶ መታጠብ አለበት።

ልክ በዚህ ሰዓት መብራት ሄደ።

«ሄደ!» አልን በአንድ አፍ፤ ሸገር ከተማ አንድ የሆነበት ጊዜ ነው። ጋሼ ተነስተው ያሉትን ቻርጀሮች በሙሉ ከግድግዳው ነቀሉ። ማሽን የሚገድለው መብራት ሲሄድ አይደለም፣ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ የምትመጣዋ ኃይለኛ ናት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ትላለች። ረግታ ጥቂት ደቂቃ ስትቆይ ነው መልሶ መሰካት። ስታብላይዘር ልግዛ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚበላ ስለሆነ ለዝቅታው ስታብላይዘር አያስፈልገውም አሉ፤ የሚያስፈራው ድንገት የሚዘልለው ነው፣ ለእሱ ደግሞ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ይሻላል። «ስታብላይዘሩን ለፍሪጅህ ግዛ። ፍሪጅ ከሌለህ አትግዛ።»

በባትሪ መሥራት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ግን ይህ ዘር በባትሪ ሲሆን ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፤ ከባድ ሥራ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ ብርቱ ነው። የቡራዩው ልጅ መብራት በሄደ ቁጥር ሬንደሩን በባትሪ ሲያስቀጥል ኖሯል። «በባዶ ሆዱ ማራቶን!» አልኩት። «ስለ ባዶ ሆድ አንተ ታወራለህ?» አለኝ። ዝም አልኩ፤ ገብቶልኛል።

በጨለማው ወግ ቀጠለ። ሦስታችንም ፕሮግራሞቻችን ከየት እንደመጡ አልተጠያየቅንም። ጋሼ ብቻ፣ ሰው ምንም ሳይሠራበት ፋኑ የሚጮህ ላፕቶፕ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያዩት «በነጻ» የተጫነው ፕሮግራም አብሮት ያስገባውን እንግዳ ነው አሉ። አንዳንዱ በሰው ኤሌክትሪክ ለባዕድ ክሪፕቶ ሲቆፍር ይገኛል። ሦስታችንም ጣሪያውን አየን።

ሌላ መግዛት አማራጭ ቢሆን ኖሮ ማን እዚህ ይቀመጥ ነበር? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የአዲስ ዎርክስቴሽን ዋጋ የሚጠየቀው ለመሳቅ ብቻ ነው። ያገለገለ ልግዛ ለሚል ደግሞ ጋሼ አንድ ነገር አጥብቀው ተናገሩ፤ ብር ከመክፈልህ በፊት ባዮሱን ግባ። የይለፍ ቃል ከጠየቀህ ተወው። በተለይ ቲንክፓድ ላይ ዋናው የይለፍ ቃል ባትሪ በመንቀል አይጠፋም። ዊንዶውሱም ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ እንደ አዲስ ሲነሳ የሆነ ፈረንጅ ድርጅት ስም ጠርቶ «በሥራ ኢሜይልህ ግባ» ካለህ፣ የገዛኸው ላፕቶፕ ሳይሆን የሰው ቢሮ ነው።

መብራቱ መጣ። ብልጭ አለ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ጋሼ ቁጭ ብለው ሰዓታቸውን አዩ፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ማንም እንዲሰካ አልፈቀዱም። ከዚያ ከመሳቢያቸው ጥቁር፣ ከባድ፣ ጡብ የመሰለ ቻርጀር አወጡ። በሁለት እጃቸው ነው ያነሱት። ዴሉ ላይ ሰኩትና ማብሪያውን ተጫኑ።

የባትሪዋ መብራት ነጭ ሆነች። ያ ኤፍ1 የሚጠይቀው ጽሑፍ አልመጣም። ፋኑ ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተነፍስ ሰማሁት።

የቡራዩው ልጅ ስልኩን አውጥቶ እየቆጠረ ነበር። «አሥር... አሥራ አምስት... ሃያ...» ዴስክቶፑ መጣ። ቆጠራውን አቆመ።

«ባቡሩ የት ደረሰ?» አልኩት።

«ለቡም አልደረሰ» አለ፤ እያዘነ ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ይህ ቻርጀር ስንት ነው?» አልኩ። ዋጋውን ነገሩኝ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላየሁትም፤ ሁለቱ ግን አይተውታል። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፤ ቀስ ብዬ፣ መንገድ ላይ ሐሳቤን እየቀየርኩ።

«አሁንማ ዴሉ ተነስቷል» አለች የሱሉልታዋ፣ «የቀረው እጅህ ነው። ኪስህ እስኪደርስ ባቡሩ ጅቡቲ ገብቶ፣ ጨው ጭኖ፣ ሰበታ ተመለሰ።»